ታንጉ በመዝገብ የሞተችበት ሚያዝያ

ኤንትሬው ገንዳ ውሃ ኬላ ላይ ድንገት ሲቆም ከጥጥ ጭነቱ ላይ የተቀመጥነው ሁሉ ተደፋን። ባየሽ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች በጎኗ ወደቀች። ታንጉ ግን ሳቀች፤ መኪና ሲነቀንቃት ትወዳለች።

«ውረዱ! ይለፋችሁን አውጡ!» አለ ከታች ጠመንጃ ያንገተው ጥበቃ።

ወረድን። ሚያዝያ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት። የቆላን የሚያዝያ ፀሐይ ለማያውቅ ሰው መንገር ከንቱ ድካም ነው፤ የመኪናውን ብረት የነካ እጅ ይላጣል። ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት እንኳንስ ጎንደር፣ አጎትህ ቤት ለሠርግም አትሄድም። ስምህ፣ ዕድሜህ፣ የምትሄድበት ምክንያት ተጽፎ የቀበሌው ሊቀመንበር ክብ ማኅተም ካልተመታበት ከኬላው ወዲያ አንዲት ጋት የለም።

የራሴን አሳየሁ። «ደሞዝ እባላለሁ፤ የግራር ውሃ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነኝ። መድኃኒት ላመጣ ነው» አልሁት። ባየሽም የእሷን ሰጠች። ጥበቃው አነበበና በጣቱ ወደ ታንጉ አመለከተ።

«የዚችስ?»

«ልጄ ናት። ሊቀመንበሩ ‹ለልጅ ይለፍ አያሻም፣ ያንቺ ይበቃል› ብሎኝ ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

ባየሽ መዋሸት አታውቅም። «አሥራ ስድስት» አለች።

ጥበቃው ታንጉን አያት። ሁሉም ሰው እንደሚያያት ነው ያያት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ የሸሸውን ጠባብ ግንባሯን፣ ከዚያ የጨቅላ የሚያህለውን ራሷን። ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ሁሉም የየራሱ ወረቀት አለው። መመሪያ ነው እናቴ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ለመንሁት። የሚጥል በሽታ አለባት፣ የቀራት መድኃኒት አራት ፍሬ ነው፣ ድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ጥሎ አያነሳም፣ የጎንደሩ ሆስፒታል ደግሞ በሽተኛዋን ራሷን ሳያይ አይሰጥም አልሁት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «ከቀበሌያችሁ አስጽፋችሁ ኑ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ኤንትሬው ጥሎን ሄደ። እኛም ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን የመመለሻ መኪና ጠበቅን።

የታንጉን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስለኖረ ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ባየሽ ክሊኒክ ባመጣቻት ቀን ራሷን በሜትር ለካሁት፤ አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ይህ የስድስት ወር ሕፃን ልክ ነው። ሰው ቅሏ ጠቦ አንጎሏን ያፈነው ይመስለዋል። ተገላቢጦሽ ነው! የራስ ቅል በራሱ አይሰፋም፤ አንጎል ከውስጥ ሲያድግ እየገፋ ነው የሚያሰፋው። የታንጉ አንጎል ገና ከእናቷ ማኅፀን ሳለ ማደጉን ተወ፤ ቅሉም ተከትሎት ቀረ። ጎንደር ስማር በብልቃጥ የተቀመጠ የሰው አንጎል አይቻለሁ፤ እንደ ጥቅል ጎመን እጥፋት በእጥፋት ነው። እንደ ታንጉ ባሉት ላይ እጥፋቱ ሳይበጅ፣ አንዳንዴም ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ድልድይ ሳይዘረጋ ይቀራል ብሎ መድኃኒቷን ያዘዘላት ሐኪም አስረድቶኛል። ለዚህ ነው ቃል የማይያዝላት፤ ለዚህ ነው ሰውነቷ እየተንዘፈዘፈ የሚጥላት። መነሻው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «እናቷን በእርግዝናዋ ያገኛት ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም» አለኝ። አላውቅም ማለት የሚችል ሐኪም እግዜር ያኑረው።

የመንደሩ ሰው ግን ሁሉን ያውቃል! እናቷ እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ተሻግራ ጋኔን መታት ያለ አለ። አዋላጇ ቅቤ ስትቀባ ራሷን ጨምቃው ነው ያለ አለ። የአባቷ ኃጢአት ነው ያለም አለ፤ አባቷ ይህንኑ ሰምቶ ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ በዚያው ቀረ። ባየሽ ብቻዋን ሰሊጥ እያጨደች አሳደገቻት። ታንጉ መናገር ባትችልም የእናቷን ኮቴ ከሩቅ ትለያለች። ሰላም ያላትን ሰው አውራ ጣት ከያዘች ደግሞ እስኪያልባት ድረስ አትለቅም።

ግራር ውሃ የደረስን ሲመሽ ነው። በማግሥቱ በጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። በራፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እየሰቀሉ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀን ታላቅ በዓል አለና። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ኮሚቴ ከአውራጃ ይመጣል፤ ግራር ውሃ መቶ ከመቶ ማንበብና መጻፍ የሚችል ቀበሌ ተብላ ባንዲራ ትቀበላለች። ከባንዲራውም ጋር የወፍጮ ሞተር። ወፍጮ ስል ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ሴቶቹ ማሽላ ተሸክመው ለማስፈጨት ኮኪት ከተማ ድረስ ነበር የሚሄዱት።

የነዋሪው ስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባየሽ ባለፈው ዙር የምስክር ወረቀት ወስዳለች፤ እስከ ዛሬም በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነብ። የራሷን ስም አገኘችና ፈገግ አለች። ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ አደረገች። እዚያው ቆመች።

«ድሬሰር፣ ና እስቲ። ይኼ ምን ይላል? እኔ ተሳስቼ እንዳይሆን።»

አልተሳሳተችም። «ታንጉ፣ ሴት፣ 16፣ ሞታለች» ይላል።

ወይ ጉድ! በሩን በርግጄ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ሸጋው ካኪውን አስተኩሶ፣ የነገውን ንግግር ይለማመድ ነበር። ትናንትና ከእኛው ጋር ሲያርስ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን «ጓድ ሊቀመንበር» ካልተባለ አይሰማም።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ባየሽ፣ ታንጉን በእጇ እንደያዘች፣ «ልጄ ሞታለች ይላል።»

ሸጋው ብዕሩን አስቀመጠ። ያፍራል ብዬ ነበር፤ አላፈረም። «እቴ ባየሽ፣ ወረቀት እኮ ነው። ሰባት ዙር አስተማርናት፤ ‹ሀ›ን እንኳ አልያዘችም። ፈታኙ ከአውራጃ ነው የሚመጣ፤ አንድ ባንድ ነው የሚጠይቅ። በአንዲት ልጅ መቶ ከመቶ ይበላሽ? ወፍጮው ይቅር?»

«ታዲያ ሞታለች ይባላል?» አልሁ።

«ስም ከመዝገብ የሚወጣው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ‹የለቀቀ› ወይም ‹የሞተ›። ለለቀቀ የተቀባዩ ቀበሌ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ለሞተ የሚጠየቅ የለም።»

እንዲህ ነው የተገደለች። በጥላቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ አጭሩ መንገድ ስለሆነ ነው!

«ይለፏን ጻፍላትና እንሂድ» አልሁት። «መድኃኒቷ ነገ ጠዋት ያልቃል።»

«ለሞተ ሰው ይለፍ ብጽፍ ኮሚቴው ምን ይለኛል? ወር ሁለት ወር ይለፍና አዲስ ገቢ ብለን እንመዘግባታለን።»

«ሁለት ወር አትቆይም!»

«አንተ ክሊኒክህን ጠብቅ፣ ጓድ ደሞዝ። ዘመቻውን የሚያደናቅፍ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ስለማውቅ ዝም አልሁ፤ ይኼን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ባየሽ ግን አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው ሞታለች የሚለውን በማኅተም ጽፈህ ስጠኝ። በኋላ በስኳር ኩፖኗ እንዳልጠየቅ» አለችው።

ሸጋው ነገሩ በዚህ በማለቁ ደስ ብሎት ጻፈ፤ ማኅተሙን ትፍ ብሎ መታው። እሷም አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ነበር። ባየሽን አላወቅኋትም።

ከዚያ በቀጥታ ያመራች ወደ አባ አምባው ቤት ነው። አባ አምባው የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ድንኳን የሚተዛዘንበት ዕድር ነው፣ ሰማንያ አባወራ። ባለሱቋ ሰዓዲያ፣ የባየሽ ጎረቤት፣ የዕድሩ ሒሳብ ያዥ ነችና እሷም እዚያው ነበረች።

«አባቴ፣ ጥሩንባ ያስነፉልኝ። ልጄ ሞታለች» አለች ባየሽ።

ሽማግሌው ደንግጠው ተነሱ። ሲነሱ ታንጉ አጠገባቸው ቆማለች፤ እጇን ዘርግታ አውራ ጣታቸውን ያዘች። አማተቡ።

«ባየሽ! ምን ነካሽ? በቁሟ ላለች ልጅ ጥሩንባ? ሟርት እኮ ነው!»

«ሟርቱን እኔ አላመጣሁት። ይኸው በማኅተም አመጡት።» ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «የዕድራችን ደንብ ምን ይላል አባቴ?»

«ሞት ሲነገር ጥሩንባ ይነፋል። አባል ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣል።»

«ሞቱን የሚናገረው ማን ነው?»

«ቤተ ዘመድ... ወይም መንግሥት።»

«ይኸው መንግሥት ተናገረ።»

አባ አምባው ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። ቀስ ብለው «ወፍጮውስ?» አሉ። የመንደሩ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ እኔም በልቤ ይህንኑ እያልሁ ነበር።

«እኔስ ማሽላ የማስፈጨው የት ይመስልዎታል? በዚህ በራሴ ተሸክሜ ኮኪት የምሄደው እኔው አይደለሁም? ወፍጮ ጠላሁ አላልሁም። በልጄ ሬሳ ላይ አይተከልብኝ ነው ያልሁ።»

ሰዓዲያ ተነሥታ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች። «ወላሂ እኔ ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ! ዛሬ ማንበብ አትችልም ብለው ይችን ገደሉ። ነገ አማርኛሽ ይሰባበራል ብለው እኔን ቢጽፉኝስ?»

አባ አምባው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። ከዚያም ጥሩንባ ነፊውን ጀይሉን አስጠሩት።

በበዓሉ ጠዋት ታንጉ የመጨረሻዋን ፍሬ ዋጠች፤ ራሴ ነኝ የሰጠኋት። ጎህ ሲቀድ ጥሩንባው ተነፋ። ጀይሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ «የግራር ውሃ ሰዎች ሆይ! የባየሽ ልጅ ታንጉ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሞታለች ስላለ፣ ለቅሶ ውጡ!» ይላል። እንዲህ ያለ ጥሩንባ ተሰምቶ አይታወቅም። ለበዓሉ ጸጉሯን የተሠራችው፣ ጫማውን የወለወለው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ተያየ። ግን ዕድር ዕድር ነው። ዛሬ ለቅሶ የቀረ ሰው ነገ የራሱን ሬሳ ብቻውን ይሸከማል። አንድ ባንድ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

ድንኳኑ ሞላ። ታንጉ መሐል እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የራሷን ለቅሶ ንፍሮ ትበላለች። ሰው ይሳቅ ወይስ ያልቅስ ግራ ገባው፤ አንዳንዱም ሳቁን በነጠላው ያፍናል። ያኔ ባየሽ ደረቷን መታች፦

«ቆጥረው ቆጥረው ሲያበቁ፣ አንድ በዝታባቸው፣
ልጄን ቀበሩልኝ በወረቀታቸው።»

ሳቁ ጠፋ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት፣ ቀጥላ ሰዓዲያ፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ዕለት ወንዶቹም ሲያለቅሱ አየሁ። ስንቱ በዚያ ዘመን ሰው ጠፍቶበት ሳያለቅስ ቀርቷል! እነዚህን ሁሉ በታንጉ አሳብቦ አለቀሰ።

ሜዳው ላይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ፣ ሃምሳ ወንበር፣ ሸጋውና ሁለት ካድሬ ብቻ። ላንድሮቨሩ ደረሰ። የኮሚቴው ተጠሪ ሻምበል ነበሩ፤ ወርደው ዙሪያውን አዩ።

«ሕዝቡስ?»

«ለቅሶ... ለቅሶ ደርሶ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ ሸጋው።

ሻምበሉ እንግዲህ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ካለማ ደርሰን እንሂድ ብለው መጡ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆባቸውን አወለቁ፤ የአብዮቱን ቋንቋ ረሱና «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ከዚያ «ሟቹ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እቺ ናት» አሉ አባ አምባው።

ታንጉ ንፍሮዋን እያላመጠች ቀና አለች።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሻምበሉ ዘንድ ደረሰ። አነበቡት። ማኅተሙን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ በመጨረሻ ሸጋውን አዩ። ሸጋው መሬት መሬት ያያል። ሻምበሉ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ ግን ሁላችንም እየሰማን፣ «በአጎራባች ቀበሌ ስም ይለፍ ይጻፍላትና ትሂድ። ነገሩ ይዘጋ» አሉ።

«የት አጎራባች ነው ጌታዬ?» አለች ባየሽ። «እትብቷ የተቀበረው ከዚህ ግራር ሥር ነው። እዚህ ወልጃት እዚያ አልጻፋትም።»

«ሴትዮ፣ ይኼ በአብዮቱ ላይ አድማ ነው! በሉ ሁላችሁም ተነሡ! ወደ ሜዳው!»

አንድ ሰው አልተነሣም። የሻምበሉ አጃቢ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

አባ አምባው በምርኩዛቸው ተደግፈው «ጌታው» አሉ፣ «ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሐዘንተኛዋ ሳታሰናብተው አይነሣም። ብንወድም አንችልም። ልጅቷ ከሞተች ቀብረናት እንነሣ። ካልሞተች አልሞተችም ተብሎ ይጻፍ።»

ያን ጊዜ እኔም ተነሣሁ። ትናንት በጽሕፈት ቤቱ የዋጥሁት ዝምታ ከመድኃኒት ይልቅ ይመር ነበር።

«ጓድ ሻምበል፣ ጤና ረዳት ነኝ። ይች ልጅ መሃይም አይደለችም። መሃይም የሚባለው መማር እየቻለ ያልተማረ ነው። የእሷ አንጎል ገና ሳትወለድ ነው ማደጉን ያቆመው፤ ሰባት ዙር ቀርቶ ሰባ ዙር ብትቀመጥ ፊደል አይገባትም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእናቷ አይደለም፣ የአስተማሪውም አይደለም። ከተማሪ አትቁጠሯት! ከሰው ግን ቁጠሯት። የመጨረሻ መድኃኒቷን ዛሬ ጠዋት ነው የዋጠች። ዛሬ ካልሄደች ይኼ ወረቀት እውነት ይሆናል፤ ያኔ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።»

ሻምበሉ መልስ ሊሰጡ ወደ ፊት ሲራመዱ ታንጉ እጇን ዘርግታ አውራ ጣታቸውን ያዘች። ሊያስለቅቁ ሞከሩ። እሷ እቴ! ጠበቅ አድርጋ ሳቀችላቸው። አጃቢያቸው የሚያደርገው ጠፍቶት ጠመንጃውን መልሶ አንገተው።

«መዝገቡን አምጡ» አሉ ሻምበሉ፣ እጃቸው እንደተያዘ።

መጣ። በአንድ እጃቸው ገለጡት። ጣታቸው ከመስመሩ መጨረሻ ደረሰና ቆመ።

«ይኼ ዓምድ ምንድን ነው?»

«ማስታወሻ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ ሸጋው።

«ለምን ባዶ ሆነ?»

ሸጋው ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

«‹በሕመም ምክንያት መማር የማትችል› ብሎ መጻፍ ያቅትሃል?»

እግዜር ያሳያችሁ! ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን እናት በፀሐይ ያንገላታ፣ ልጇን በቁሟ ያስቀበረ ሰው፣ እዚያው መዝገብ ላይ ከሁሉ የሰፋ ባዶ ዓምድ ነበረው። አራት ቃል ይበቃው ነበር። መቶ ከመቶ የሚለው ቁጥር እንዳይሸራረፍ ብሎ ሰው ሸረፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግፍ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ባዶ ዓምድ ግን ያንገበገበኝ የለም።

ሸጋው እንደቆመ ሰረዘና ጻፈ። ይለፉንም ጻፈ፤ ዕድሜ አሥራ ስድስት፣ ምክንያት ሕክምና፣ ማኅተም። ሻምበሉ ጣታቸውን በመከራ አስለቅቀው ቆባቸውን ደፉ። ሐሰት የተገኘበት ቀበሌ አይሸለምም ብለው ባንዲራውን ከነእንጨቱ ላንድሮቨሩ ላይ ጭነው ሄዱ። ወፍጮውም ለሌላ ቀበሌ ተሰጠ፤ የእኛ ሴቶች ሌላ አራት ዓመት ኮኪት ተመላለሱ። አንዳንዶቹ በባየሽ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ እውነቱን ለመናገር።

አሁን ለቅሶው መፈታት አለበት። በደንቡ ተሰናባች ሁሉ በሐዘንተኛዋ ፊት እያለፈ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል። አባ አምባው ቀድመው ባየሽ ፊት ቆሙ። ልጇ በሕይወት አለች። ምን ይበሏት? ታንጉ ስትወለድ እኚህ ሰው ጎረቤት ነበሩ። መንደሩ ራሷን አይቶ ደንግጦ ነበርና አንድም ሰው ለአራሷ ወጉን አላደረሰላትም፤ ደጇን እያለፉ ሄዱ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ» አሉ።

ከኋላቸው ያለው ሰው ሰማ። እሱም ዝቅ ብሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ። ሰልፉ ሁሉ ያንኑ እያለ አለፈ፤ ሰዓዲያና እስላሞቹ «መብሩክ፣ መብሩክ» እያሉ ጉንጯን ሳሙ። ሸጋው እንኳ መዝገቡን እንደታቀፈ ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ባየሽ ለአንዳቸውም አሜን አላለችም። ታንጉን አዘለች፣ ይለፏን መቀነቷ ውስጥ ከተተች፣ ከድንኳኑ ወጣች።

«አሥራ ስድስት ዓመት ዘገያችሁ» አለች። «አሁን መንገድ ልቀቁልን፤ መኪና ያመልጠናል።»